አቦ መጀመሪያ መንገዱን ለኩ፦ የ6 ደቂቃ የእግር ፈተና በድሬ

አባቴ ባለፈው ዓመት "51 ሜትር ተሻሻልኩ" ብሎ ግማሽ ከዚራን (የድሬዳዋ ሰፈራችንን) አስደሰተ። ቡና በጠጣበት ሁሉ አወራው። እኔም አብሬው ፈነደቅኩ፣ ለእህቴም ደወልኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን 51 ሜትሩ የመጣው ከሳንባው አልነበረም። ከመንገዱ ነበር።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ ሲበይድ ኖረ፣ በዚያ ላይ ሲጋራ ነበረው፣ አሁን ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥር ላይ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኩት። ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ 6 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ አስኬደውና ወረቀቱ ላይ "395 ሜ" ብሎ ጻፈ። በቃ። ኮሪደሩ ስንት ሜትር ነው? ስንት ጊዜ ታጠፈ? አልተጻፈም። እኔ ወረፋ ስጠብቅ ሥራ ፈትቼ የወለሉን ሴራሚክ ቆጥሬ ስለነበር ብቻ ነው የማውቀው፦ 27 ሴራሚክ፣ እያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር። 10 ሜትር ከ80።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መድኃኒቱንም ጠዋት ጠዋት እግር መንገዱንም ከያዘ በኋላ፣ ቤታችን አጠገብ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ 30 ሜትር ለክቼ አስኬድኩት። መጀመሪያ ቀን 428 ሜትር፣ በሁለተኛው ቀን 446። ያ ነው ጭፈራው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ፣ ጫፉ ላይ የሚዞርበትን ጠርሙስ አምጥቼ 10 ሜትር ላይ አቆምኩት። 398 ወጣ። ጤና ተቋሙ ከጻፈው በ3 ሜትር ብቻ ይበልጣል! "ጠርሙሱን አንቀሳቅሰህ በላኸኝ" አለኝ አባቴ። እውነቱን ነው።

ቤተሰባችሁን ወይም ራሳችሁን በዚህ ፈተና የምትከታተሉ ከሆነ እኔ የተሸወድኩትን እንዳትሸወዱ ነው ይህን የምጽፈው።

መታጠፍ ለምን ይበላል

የ6 ደቂቃ ፈተና ቀላል ነው፦ በ6 ደቂቃ ውስጥ ሳትሮጥ ስንት ሜትር ትሄዳለህ? ሳንባና ልብ የታመሙ ሰዎችን ለመከታተል በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በ2002 የወጣው የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ (የሳንባና የመተንፈሻ ሕክምና ማኅበር) መመሪያ መስመሩ 30 ሜትር ይሁን፣ በየ3 ሜትሩም ምልክት ይደረግበት ይላል። በ2014 ከአውሮፓ የመተንፈሻ ሕክምና ማኅበር ጋር ያወጡት ደረጃም ከ30 ሜትር አትነሱ ባይ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው።)

ለምን 30? ቁጥሩ ቅዱስ ሆኖ አይደለም። ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይዞራል፣ ከዚያ እንደገና ይነሳል። የአባቴን ተመልከቱ። በ30 ሜትሩ መስመር 446 ሜትር ሲሄድ 14 ጊዜ ዞረ። በ10 ሜትሩ 398 ሲሄድ 39 ጊዜ። ልዩነቱ 25 መዞር ነው። አንድ መዞር አንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ቢበላ 25ቱ ወደ 37 ሴኮንድ ይሆናል። የእሱ እርምጃ በሴኮንድ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነውና 37 ሴኮንድ ማለት 48 ሜትር ነው። 446 ሲቀነስ 398? 48። ይህን ወረቀት ላይ ሳሰላ ብቻዬን ሳቅኩ።

የእኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2013 የታተመ ጥናት 45 የሳንባ ሕመምተኞችን በ10 እና በ30 ሜትር መስመር አስኪዶ አነጻጽሯል፤ በአጭሩ መስመር በአማካይ 49.5 ሜትር ያነሰ ነው የሄዱት። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ በ2014ቱ ደረጃ መሠረት ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ለውጥ የሚባለው 30 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይታከም፣ ማንም ሳይባባስ፣ መስመሩን በመቀየር ብቻ "ትርጉም ያለው" መሻሻልም ውድቀትም መፍጠር ይቻላል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ሁሉም የርዝመት ልዩነት እኩል አይጎዳም። በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ15 እስከ 50 ሜትር ባሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ መንገዳችሁ 27 ሜትር ሆነ 33 ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። ችግሩ ያለው 8 ሜትር በረንዳና 10 ሜትር ኮሪደር ላይ ነው። ያው ጥናት ግን ሌላ ነገር አግኝቷል፦ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን በሚዞር መንገድ የሄዱት ሰዎች ቀጥ ባለው ላይ ከሄዱት 28 ሜትር ያህል በልጠዋል። በሜዳ ዙሪያ የለካችሁትን ከኮሪደር ቁጥር ጋር እንዳታወዳድሩ ነው ነገሩ።

መስመሩን ማዘጋጀት

ድሬ ላይ በዚህ ነገር ታድለናል። ከዚራ የተቀየሰው በባቡሩ ዘመን ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፍም አለው። የገበያው ሰፈር መጋላ ላላችሁ ግን ገበያው ሳይነቃ መውጣት ነው፣ አለበለዚያ አባታችሁ በባጃጅና በጋሪ መካከል ነው የሚፈተነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደረቅ ሲሆን ሜዳ ይመስላል ብላችሁ እዚያ እንዳትሄዱ። አሸዋ እግር ይይዛል፣ ቁጥሩም ዋጋ የለውም።

ሐረር ላላችሁ ደግሞ ጀጎል ውስጥ አትልፉ። አክስቴ ጋ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ይታጠፋል፣ ይወጣል ይወርዳል፤ ገና 12 ሜትር እንደለካሁ ግድግዳ ገጠመኝ፣ ከኋላዬ ደግሞ እንጨት የጫነች አህያ። ከግንቡ ውጭ ውጡና ሜዳ ፈልጉ። ቁልቁለትና ዳገት "ሲመለስ ይካካሳል" የሚሉ አሉ፤ አይካካስም። የሳንባ ሕመምተኛ ዳገቱ ላይ የሚያጣውን ቁልቁለቱ ላይ አይመልሰውም።

ለመለካት 30 ሜትር የሚዘረጋውን የግንበኞች ሜትር ተዋሱ። የልብስ ሰፊ ሜትር አይሆንም። 5 ሜትር ብቻ ያላችሁ እንደሆነ በስድስት ጊዜ ለኩ፤ ግን በየጫፉ በጠመኔ ቀጭን መስመር እያሰመራችሁ ይሁን፣ ሁለተኛ ሰውም ይያዝላችሁ። እርምጃ ቆጥሮ "30 ነው" ማለት የለም። ስልክም በዚህ አጭር ምልልስ ላይ አይታመንም፤ መዞሪያዎቹ ላይ ይደናበራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የመለካት ስህተት በየምልልሱ ይባዛል። 30 ሜትር ያላችሁት በእውነት 29 ሜትር ከ50 ከሆነ፣ በ15 ጉዞ የ7 ሜትር ተኩል ስህተት ነው። 10 ሜትር ያላችሁት በግማሽ ሜትር ቢያንስ ግን 40 ጊዜ ስለሚሄድበት ስህተቱ 20 ሜትር ይሆናል። አጭር መስመር ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳችሁ፣ በመዞሩም በስህተቱም።

እኔ አንድ ጊዜ በደንብ ከለካሁ በኋላ የማይለጠጥ ሲባጎ ወስጄ 30 ሜትር ላይ ቆረጥኩት፤ በየ3 ሜትሩም ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። ናይሎን ገመድ አትግዙ፣ ይለጠጣል። አሁን ጠዋት ሲባጎውን ዘርግቼ፣ በየጨርቁ አጠገብ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ መልሼ እጠቀልላለሁ። ሰው እንዳያደናቅፍ መሬት ላይ አልተወውም። ሁለቱ ጫፍ ላይ አሸዋ የተሞላ ሃይላንድ ይቆማል። ባዶ ሃይላንድ ነፋስ ይወስደዋል። ተራማጁ ጠርሙሱን ተጠግቶ ይዙር፣ እንደ ባጃጅ ሰፊ ዙር እንዳይመታ።

የፈተናው ቀን

ሰዓቱ የድሬ ነገር ነው። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ ፈተናው የሳንባ መሆኑ ቀርቶ የሙቀት ይሆናል። እኛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን፤ ሁልጊዜም በዚያው ሰዓት። ከሰዓት በርጫ ላይ ቆይቶ ማታ መፈተን የሚፈልግም አለ፤ አይሆንም አቦ፣ ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል።

ቀለል ያለ ቁርስ፣ የለመደው ጫማ፣ የሚወስደው መድኃኒት እንደወትሮው። በምርኩዝ የሚሄድ ከሆነ በምርኩዙ። ከዚያ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ከባድ ሥራ አይሥራ። ወንበር አውጥታችሁ መነሻው አጠገብ 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ማሟሟቅ የለም።

ሲነሳ የምትሉት ቃል ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በሉ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ "አባባ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ የምትችለውን ያህል ሂድ። አትሩጥ። ከደከመህ ቁም፣ ስትችል ቀጥል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም።" (ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ አንቱ የምትሉ አንቱ በሉ።) ከዚያ በየደቂቃው በአንድ ድምፅ "ጥሩ ነው፣ 5 ደቂቃ ይቀርሃል"፣ "ጥሩ ነው፣ 4 ይቀርሃል"። ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። የሰፈር ልጆች "በርታ! በርታ!" ካሉት ቁጥሩ ይዘላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካልጮኹለት ደግሞ "ባሰበት" ትላላችሁ። አጠገቡ ሆናችሁም አትሂዱ፣ ሳታውቁት በእናንተ እርምጃ ትጎትቱታላችሁ።

ምልልሱን በጭንቅላት አትቁጠሩ። እኛ መጀመሪያ በኦቾሎኒ ቆጠርን፣ የጎረቤት ልጅ ሁለቱን ዙር በላብን። አሁን ጠጠር ነው፦ አባቴ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ። አንድ ጠጠር 60 ሜትር። 6 ደቂቃ ሲሞላ "ቁም!" እላለሁ፤ እሱም ባለበት ይቆማል፣ ወደ ወንበሩ አይመጣም፣ ወንበሩ ወደ እሱ ይሄዳል። 446 ያገኘን ቀን 7 ጠጠር ነበረኝ፣ 420 ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ የ24 ሜትሩን ምልክት በ2 ሜትር አልፎ ቆሟል።

ሁለት ጊዜ ማስኬድ ጥሩ ነው። ሰው መንገዱንና ጉልበቱን አንዴ ከለመደ ሁለተኛው ላይ ይጨምራል፤ የሳንባ ሕመምተኞች ላይ ይህ የመልመድ ነገር በአማካይ 26 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፤ እኔ ግን ሌላ ቀን ነው የምመርጠው። የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ነው። ልብ በሉ፣ አባቴ በ10 ሜትሩ ሲሄድ እዚያ መንገድ ላይ ሲፈተን ሦስተኛ ጊዜው ነበር፣ ለምዶትም ነው ያነሰው።

ይህን ደግሞ በቁም ነገር ያዙ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታውን ወይም ቁጭ ብሎ ደረቱን የሚያመውን ሰው በፍጹም አታስኪዱ። ቁጭ ብሎ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ120 በላይ፣ ወይም ግፊቱ ከ180 በ100 በላይ የሆነውንም ሐኪም ሳያየው አይሆንም። በመሃል ደረቱን ካመመው፣ ካንገዳገደው፣ ከገረጣ፣ ያለ ልክ ካላበው ወይም ትንፋሹን መቋቋም ካቃተው ያኔውኑ አቁሙ። 6 ደቂቃው ገደል ይግባ።

ቁጥሩን ማንበብ

"ጤነኛ ሰው ስንት ይሄዳል?" ብሎ የማይጠይቅ የለም። በ1998 ከወጣ የአሜሪካ ጥናት የተገኘ የታወቀ ስሌት አለ። ለወንድ፦ ቁመት በሳንቲ ሜትር ሲባዛ በ7.57፣ ከዚያ ላይ ዕድሜ ሲባዛ በ5.02 ይቀነሳል፣ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ1.76 ይቀነሳል፣ በመጨረሻም 309 ይቀነሳል። ለሴት፦ ቁመት ሲባዛ በ2.11፣ ሲቀነስ ክብደት ሲባዛ በ2.29፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5.78፣ ሲደመር 667።

አባቴ 68 ዓመቱ ነው፣ 170 ሳንቲ ሜትር፣ 72 ኪሎ። 510 ሜትር ይወጣለታል። አሁን ተመልከቱ፦ በ446 ከሄድን ከሚጠበቀው 87 በመቶ ላይ ነው። በ398 ከሄድን 78 በመቶ። ያው ሰውዬ፣ ያው ሳምንት። ስሌቱ የተሠራው 30 ሜትር ገደማ በሆነ ኮሪደር ላይ ስለሆነ የ10 ሜትር ውጤት እዚያ ውስጥ ማስገባት ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ማሳመም ነው። በዚያ ላይ የተለኩት አሪዞና ያሉ ከ40 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው ሰዎች እንጂ የድሬ ባቡር ጡረተኞች አይደሉም። እኔ ቁጥሩን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የማየው፤ እሰማዋለሁ፣ አልምልበትም። የማምነው አባቴን ከራሱ ከአባቴ ጋር ሳወዳድር ነው።

ድሬና ሐረር የምትመላለሱም አስቡበት። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ሙቀቱም አየሩም ይለያያል። እዚህ የጀመራችሁትን እዚሁ ጨርሱ።

ቦታ የሌላችሁ

ግቢያችሁ 10 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ወደ መንገድ መውጣት ለእናታችሁ የማይመች ከሆነ፣ በ10 ሜትሩ ሥሩ። ምንም ችግር የለውም። ብቻ ሁልጊዜ 10 ይሁን፣ ወረቀቱም ላይ "10 ሜ" ተብሎ ይጻፍ። "50 ጨምሬ ወደ 30 ሜትር እለውጠዋለሁ" የሚል ብልጠት ግን አይሠራም። 50ው አማካይ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አንድ መዞር ላይ ሦስት ሴኮንድ ሊያጠፋ ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ብዙ ጊዜ አይዞርም። የእያንዳንዱ ሰው ቅጣት ለብቻው ነው።

ጂም ያላችሁ ትሬድሚል ላይ ልሥራው እንዳትሉ። እዚያ ላይ የሚወጣው ርቀት ከኮሪደሩ ያነሰ ነው፤ የ2002ቱ መመሪያ የጠቀሰው ልዩነት በአማካይ 14 በመቶ ነው። ሰውየው ራሱ ፍጥነቱን እንደልቡ ማድረግ አይችልማ።

ጤነኞች ሆናችሁ አካል ብቃታችሁን ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ የአንድ ማይሉ ፈተና ይሻላችኋል፤ 1,609 ሜትር በፍጥነት ተራምዶ ሰዓቱንና የልብ ምቱን መያዝ ነው። ባለ 400 ሜትር መሮጫ ላይ አራት ዙርና 9 ሜትር። እዚህም መስመሩ ይሸውዳል፦ 400 የሚሆነው የመጀመሪያው የውስጥ መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ ከሄዳችሁ በየዙሩ 7 ሜትር ገደማ ትጨምራላችሁ፣ በአራት ዙር 28 ሜትር። ከዚያ "ዛሬ ምን ነካኝ" ትላላችሁ።

ወረቀቱ ላይ የማሰፍረው ይህን ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የመስመሩ ርዝመት፣ ቀጥ ያለ ይሁን ዙሪያ፣ ጫማ፣ ምርኩዝ፣ ስንት ጊዜ ቆሞ አረፈ፣ ሲጨርስ ትንፋሽ ማጠሩን ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሰጠው፣ ከዚያ ሜትሩ። ጤና ተቋም ስትሄዱም ኮሪደሩ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቃችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ቅር አይላቸውም። ካላወቁት ሴራሚክ ቁጠሩ።

መንገዱ ተቆፍሮ ወይም ቤት ቀይራችሁ መስመር መለወጥ ግድ ከሆነ፣ ከመለወጣችሁ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ በአሮጌውም በአዲሱም አስኪዱትና ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ በኋላ አዲሱን ከአዲሱ ጋር ብቻ ነው የምታወዳድሩት። እኛ እንደዚያ አድርገናል፤ የአባቴ ደብተር ላይ "398 በ10" እና "446 በ30" አንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል። ቡና ላይ ግን እስካሁን የሚያወራው ስለ 446ቱ ብቻ ነው።